ነርቩ የወጣለት ጥርስ ለምን ያማል? አሮጌ የሥር ሙሌትን ስለ ማውጣት

«ነርቩ ወጥቷል ተብሎ አልነበረም ወይ? ታዲያ ምኑ ነው የሚያመኝ?»

ከዓመታት በፊት ሩት ካናል (የጥርሱ ነርቭ ወጥቶ ሥሩ የሚሞላበት ሕክምና) አሠርቶ ጥርሱን ጨርሶ የረሳ ሰው፣ አንድ ቀን በዚያው ጥርስ ሲያኝክ ሲጠዘጥዘው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ቅሬታ ይመስላል እንጂ ጥሩ የሳይንስ ጥያቄ ነው።

በእርግጥም ነርቭ የሌለው ጥርስ ራሱ አያምም። ቀዝቃዛ ውኃ ቢነካው እንኳ አይሰማውም። የሚያመው ዙሪያው ነው፦ ሥሩን ከመንጋጋ አጥንት ጋር የሚያያይዘው ስስ ጅማትና የሥሩን ጫፍ አቅፎ የያዘው አጥንት። ሁለቱም ሕያው ናቸው፤ የራሳቸው ነርቭና የደም ሥር አላቸው። በሞተው ሥር ውስጥ የተረፈ ወይም በኋላ ሾልኮ የገባ ባክቴሪያ ሲራባ፣ መርዙ በሥሩ ጫፍ ቀዳዳ በኩል ወደ እነርሱ ይንጠባጠባል። ሰውነትም እዚያው ጫፍ ላይ መከላከል ይጀምራል። በዚህ መሀል አጥንቱ ቀስ በቀስ እየተበላ ይሄዳል፤ በራጅ ላይም ጥቁር ጥላ ሆኖ ይታያል። አንዳንዱ ያብጣል፣ መግል ይቋጥራል። ብዙው ግን ያለ ምንም ሕመም ለዓመታት ተደብቆ ይቆይና ለሌላ ጉዳይ ራጅ ሲነሡ ይገኛል።

እንዲህ ሲሆን ጥርሱን ከማስነቀል በፊት የሚታሰብ አንድ መንገድ አለ። ጥርሱ እንደገና ይከፈታል፣ ሥሩ ውስጥ የታጨቀው አሮጌ ሙሌት ተጠርጎ ይወጣል፣ ቦዩ (በሥሩ ውስጥ ያለው ቀጭን መተላለፊያ) እንደገና ይታጠብና እንደገና ይሞላል። ሲናገሩት ቀላል ነው። ሲሠሩት ግን ከመጀመሪያው ሕክምና የሚከብድ፣ ጊዜም ትዕግሥትም የሚበላ ሥራ ነው። መጀመሪያ የገባው ሐኪም ያገኘው ለስላሳ ሥጋ ነበር። ሁለተኛው የሚያገኘው እንዳይወጣ ሆኖ የታሸገ ነገር ነው።

የታሸገው ነገር ከዛፍ የመጣ ነው

በአብዛኞቹ ሥሮች ውስጥ ያለው ሙሌት ጉታ ፐርቻ ይባላል። ምንጩ በማላይ ባሕረ ገብ መሬትና በአካባቢው ደሴቶች የሚበቅል ፓላኪዩም የተባለ ዛፍ ነው፤ ግንዱ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል። በኬሚካዊ ሥሪቱ የጎማ የቅርብ ዘመድ ነው። የተሠሩበት ጡብ አንድ ነው፣ የጡቡ አደራደር ግን ይለያያል። በዚህም የተነሣ ጎማ ይለጠጣል፣ ጉታ ፐርቻ ግን በተራ የአየር ሙቀት ደረቅ ያለ ሆኖ ሲሞቅ ይለሰልሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዝናው ከጥርስ ጋር የተያያዘ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1851 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል በባሕር ሥር የተዘረጋው የቴሌግራፍ ገመድ ውኃ እንዳያገኘው የተለበጠው በዚሁ ነበር። የባሕር ውኃን ያን ያህል የሚቋቋም ነገር በጥርስ ውስጥ የሚመጣውን እርጥበትም ይቋቋማል ብሎ ማሰብ ሩቅ አልነበረም፤ ከዚያው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጥርስ ሐኪሞች ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ዛሬ ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ሮዝ ዘንግ ግን ጉታ ፐርቻነቱ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ዚንክ ኦክሳይድ ነው፤ የተቀረው ሰምና በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚጨመር የብረት ጨው ነው። ከአንድ ክፍለ ዘመን በላይ ተፎካካሪዎቹን ሁሉ አሸንፎ የቆየበት ምክንያት፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በመሙላት ብልጫው ብቻ አይደለም። ሲፈለግ መውጣት ይችላል። ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ በአንዳንድ ፈሳሾች ይሟሟል፣ በሞረድም ይፋቃል። ለስህተት በር የሚተው ሙሌት ነው።

ችግር የሚፈጥረው ጓደኛው ነው። ጉታ ፐርቻ ከጥርስ ግድግዳ ጋር አይጣበቅም፤ ስለዚህ በዙሪያው ያለውን ክፍተት የሚደፍን ማሸጊያ ለጥፍ ይጨመርበታል። አንዳንዱ ለጥፍ ከቅርንፉድ ዘይት ዋና ንጥረ ነገር ከዩጂኖልና ከዚንክ ኦክሳይድ የተቀመመ ነው፤ ሌላው ኢፖክሲ ሙጫ ነው፤ በቅርብ ዓመታት የተስፋፋው ደግሞ በካልሲየም ሲሊኬት የሚሠራ፣ በባሕርዩ ለግንባታ ሲሚንቶ የሚቀርብ ነው። ለጥፉ ፈሳሽ ሆኖ ይገባና ሞረድ የማይደርስበት ስርቻ ሁሉ ውስጥ ሰርጎ ይደርቃል። ጉታ ፐርቻን የሚያሟማ ፈሳሽ ሲሚንቶ መሰሉን ለጥፍ አይነካውም። በሌላ አነጋገር፣ ዋናው ዘንግ ከወጣ በኋላም ሥራው ገና ነው።

ቦዩ ቧንቧ አይደለም

ብዙ ሰው የጥርስን ሥር ሲያስብ ቀጥ ያለ ክብ ቱቦ ይታየዋል። ቢሆንማ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ ነበር። እውነተኛው ቦይ ይታጠፋል፣ ይጠባል፣ አንዳንድ ቦታ እንደ ሪባን ይሰፋል፣ በጎኑ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ጫፉ አጠገብ ደግሞ እንደ ወንዝ አፍ ይበታተናል። በአንድ ሥር ውስጥ ያሉ ሁለት ቦዮች ብዙ ጊዜ በስስ ስንጥቅ መሰል መተላለፊያ ይገናኛሉ። የላይኛው የመጀመሪያ ትልቁ መንጋጋ ጥርስ ሦስት ሥሮች ስላሉት ሦስት ቦይ ብቻ ያለው ይመስላል፤ በብዙ ሰው ላይ ግን ከፊት ባለው የጉንጭ በኩል ሥር ውስጥ አራተኛ ቦይ አለ። ይህ አራተኛ ቦይ ጠባብና የተሸሸገ በመሆኑ በመጀመሪያው ሕክምና ሳይነካ የመቅረቱ ነገር የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ ጥርስ አሮጌውን ሙሌት ጠራርጎ ማውጣት ብቻውን ምንም አይፈይድም። በሽታው ያለው ፈጽሞ ባልተሞላው ቦይ ውስጥ ነው።

የቦዩ ግድግዳ ራሱም ድፍን አይደለም። ዴንቲን የተባለው የጥርሱ ዋና አካል በረቂቅ ቱቦዎች የተበሳሳ ነው፤ የእያንዳንዱ ስፋት ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ጀምሮ ወደ ሁለት ሺህኛ ተኩል ይደርሳል። ለእኛ ኢምንት ነው፤ ለባክቴሪያ ግን ሰፊ በር ነው። ሕክምናቸው ሳይሳካ በቀረ ጥርሶች ውስጥ ደጋግሞ የሚገኝ ኢንተሮኮከስ ፌካሊስ የሚባል አንድ ባክቴሪያ አለ፤ ረሃብን ይታገሣል፣ ሌሎቹን የሚገድል መድኃኒትም ይቋቋማል። በአሮጌው ሙሌትና በግድግዳው መካከል ባለች ቀጭን ክፍተት ውስጥ ተቀምጦ ዓመታት ይኖራል።

የዚህ ሁሉ ጠንቅ ባክቴሪያ ነው የሚለው ሐሳብ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ካኬሃሺ፣ ስታንሊና ፊትዝጄራልድ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሙከራ አለ። ከማንኛውም ጀርም ነፃ ሆነው ያደጉ አይጦችንና ተራ አይጦችን ወሰዱ፤ የሁሉንም ጥርስ እስከ ውስጠኛው ሥጋ ድረስ ቦረቦሩና ክፍቱን ተዉት። በተራዎቹ አይጦች ጥርስ ውስጥ ያለው ሥጋ ሞተ፣ ሥሩም አመረቀዘ። ጀርም የሌለባቸው አይጦች ግን ምግብ በቀዳዳው እየተጠቀጠቀ እንኳ ሥጋቸው ሳይሞት በላዩ አዲስ ዴንቲን ሠራ። ጉዳቱ አንድ፣ ልዩነቱ ባክቴሪያው ብቻ ነበር።

ይህን የሚያውቅ ሰው አሮጌውን ሙሌት በሌላ ዓይን ያየዋል። ሙሌቱ ራሱ በሽታ አይደለም። በሽታው የተሸሸገበት ክዳን ነው። የሚወጣውም መታጠቢያው ፈሳሽ ከኋላው ወዳለው እንዲደርስ ነው።

ከላይ ወደ ታች፣ በሦስት እርከን

ሥራው የሚጀምረው ስስ የጎማ መጋረጃ በጥርሱ ዙሪያ በመወጠር ነው። ምራቅ እንዳይገባ ያደርጋል፤ የሚወድቅ መሣሪያም ሆነ የሚንጠባጠብ ኬሚካል ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ይከላከላል። ይህ መጋረጃ ሳይወጠር የሥር ቦይ ሲከፈት ያየ ታካሚ ለምን ብሎ ቢጠይቅ መብቱ ነው።

ከዚያ መግቢያው ይከፈታል። ከላይ ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ) ካለ ወይ ይበሳል ወይ ይነሣል። ሥር ውስጥ የተተከለ የብረት ችካል ካለ ደግሞ ዋናው ትግል እዚህ ላይ ሊሆን ይችላል። በአልትራሳውንድ የሚርገበገብ ጫፍ ችካሉን እየነቀነቀ የተጣበቀበትን ሲሚንቶ ያደቅቃል። ግን ንዝረቱ ሙቀት ይፈጥራል፤ ብረት ደግሞ ሙቀትን ፈጥኖ ያስተላልፋል። አጥንት 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለአንድ ደቂቃ ከቆየ መጎዳት ይጀምራል፤ ይህም ከሰውነታችን ሙቀት 10 ዲግሪ ብቻ የሚበልጥ ነው። ሐኪሙ በየጊዜው ቆም እያለ ውኃ የሚያፈስበት ምክንያት ይኸው ነው።

ጉታ ፐርቻው ላይ ሲደረስ ሕጉ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች መሄድ ነው፦ መጀመሪያ የላይኛው ሲሶ፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ መጨረሻ ላይ ጫፉ። በቀጥታ ወደ ጫፍ መግፋት ቆሻሻውን ከነባክቴሪያው በቀዳዳው አሻግሮ አጥንት ውስጥ መድፋት ይሆናል፤ ከሕክምና በኋላ የሚመጣ ኃይለኛ ሕመምና እብጠት አንዱ መነሻም ይህ ነው። ለዳግም ሕክምና ብለው የተሠሩ ፋይሎች (ቦዩን የሚፍቁ ቀጫጭን ሞረዶች) ርዝመት ራሱ ይህን ሥርዓት ያሳያል። ፕሮቴፐር በተባለው ስብስብ ውስጥ ሦስት ፋይሎች አሉ፤ የሚቆርጠው አካላቸው በቅደም ተከተል ወደ ታች እንዲደርስ የመጀመሪያው 16፣ ሁለተኛው 18፣ ሦስተኛው 22 ሚሊሜትር ይረዝማል። ጫፉ የሚቆርጥ የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እርሱ ሙሌቱን ሰንጥቆ ይገባል፣ ሁለቱ ግን በተከፈተው መንገድ ተከትለው ይወርዳሉ፤ ጫፋቸው ዱልዱም የሆነው የቦዩን መታጠፊያ ትተው በግድግዳው ሌላ ቀዳዳ እንዳይከፍቱ ነው።

እነዚህ ፋይሎች ኒኬልና ታይታኒየም ከተባሉ ብረቶች ቅይጥ የተሠሩ ናቸው፤ በሞተር እየዞሩ በታጠፈ ቦይ ውስጥ ሳይሰበሩ መተጣጠፍ ይችላሉ። ሳይሰበሩ ስል አብዛኛውን ጊዜ ማለቴ ነው። በጠንካራ ሙሌት ውስጥ ተቀርቅሮ የተሰበረ ፋይል አንድ ችግር ልንፈታ ገብተን ሁለት ይዘን እንድንወጣ ያደርጋል። ሲዞሩ የሚፈጥሩት ሙቀት ጉታ ፐርቻውን ያለሰልሰዋል፤ የለሰለሰውም በፋይሎቹ ስለት መካከል ተጠቅልሎ ይወጣል። የሞቀ የብረት ጫፍ በማስገባት የላይኛውን ክፍል ማውጣትም የተለመደ ነው።

የእጅ ፋይሎችም ቦታቸውን አልለቀቁም። ሄድስትሮም የሚባለው ፋይል እንደ ተደራረቡ ትንንሽ ቁናዎች ያለ ቅርጽ አለው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ብዙም አይቆርጥም፣ ወደ ላይ ሲሳብ ግን ይነክሳል። ከጉታ ፐርቻው ጎን ካለች ክፍተት ውስጥ ካስገቡትና በእርጋታ ከሳቡት አንዳንዴ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ተያይዞ ይወጣል። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ይህች ቅጽበት በምን ያህል ደስታ እንደምትጠበቅ ያውቃሉ።

አሟሚ ፈሳሾቹስ? ክሎሮፎርም፣ ከባሕር ዛፍ ዘይትና ከብርቱካን ልጣጭ የሚገኙ ዘይቶች ጉታ ፐርቻን ያሟሟሉ። ከሁሉም ፈጣኑ ክሎሮፎርም ነው፤ ሆኖም በጤና ላይ ባለው ሥጋት ምክንያት በጥቂት ጠብታ ብቻ፣ በጥንቃቄ የሚነካ ነው። የእኔ ቅሬታ ግን ከመርዛማነቱም ሌላ ነው። ደረቅ ሆኖ የነበረው ዘንግ አሟሚ ሲያገኝ ወደ ቀጭን ሮዝ ጭቃ ይለወጣል፤ ጭቃው ግድግዳውን ይለቀልቃል፣ በረቂቆቹ ቱቦዎች አፍም ይለጠፋል። በዓይን ሲያዩት ቦዩ ባዶ ይመስላል፤ ግድግዳው ግን ተቀብቷል። ስለዚህ አሟሚ የሚመከረው በጠንካራ ሁኔታ ለታጨቀና በሌላ መንገድ ላልተነቃነቀ ሙሌት፣ ያውም ጥቂት ጥቂት እየተጨመረ ነው፤ የቀረውን ጭቃ ደግሞ በተደጋጋሚ በወረቀት ዘንግ እየመጠጡ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሁሉም ሥር ግን ጉታ ፐርቻ የያዘ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብዙ ሐኪሞች የብር ዘንግ ይጠቀሙ ነበር፤ ብር ሥር ውስጥ ይዝጋል፣ ሲነካም ይሰባበራል። በመካከሉ የፕላስቲክ እምብርት ያለው ጉታ ፐርቻም አለ፤ ዙሪያው ቢለሰልስም እምብርቱ ለብቻው መያዝና መጎተት አለበት። ከሁሉም የከፋው በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረትና በሌሎች አገሮች ሲሠራበት የኖረው ሬዞርሲኖልና ፎርማልዴሃይድ የተቀላቀሉበት ቀይ ለጥፍ ነው። ጥርሱን ከውስጥ ያቀላዋል፤ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ በደንብ የሚያሟማው ነገር የለም። እንዲህ ያለውን በአልትራሳውንድ ጫፍና በማይክሮስኮፕ፣ ሚሊሜትር በሚሊሜትር ከመፈርፈር ሌላ አማራጭ ብዙ የለም፤ ከጥርሱ አካል ጋር ስለሚመሳሰልም መሳሳት ቀላል ነው።

ስንት ቢወጣ ይበቃል?

እዚህ ላይ ታካሚዎች ብዙ ጊዜ የማይነገራቸው ነገር አለ። የተነቀሉ ጥርሶችን ጥቃቅን ነገር በሚያሳይ የሲቲ ስካን መሣሪያ እየቃኙ የሠሩ ጥናቶች በተደጋጋሚ ያሳዩት፣ የትኛውም ዘዴ አሮጌውን ሙሌት ሙሉ በሙሉ እንደማያወጣ ነው። በእጅ ቢሆን፣ በሞተር ቢሆን፣ በአሟሚም ቢታገዝ፣ የሆነ ነገር ይቀራል። የሚቀረውም አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻው ሲሶ፣ ማለትም ቦዩ በሚጠብበትና በሚታጠፍበት ጫፍ አጠገብ ነው። ክብ ፋይል በሞላላ ቦይ ውስጥ ሲዞር ሁለቱን ጠርዞች አይነካቸውም። ተራው ራጅ ደግሞ የሦስት ገጽ ዕቃን በሁለት ገጽ የሚያሳይ ጥላ ስለሆነ፣ በፊልሙ ላይ ንጹሕ የሚመስል ቦይ በጎኑ የተለጠፈ ሙሌት ሊኖረው ይችላል።

ታዲያ ሥራው ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። ጥርሶች ጥቂት ሙሌት እየቀረባቸውም ይድናሉ። የሚቀረው ከባክቴሪያ የጸዳ ከሆነ ሰውነት አይቆጣውም። ከሐኪሙ የሚጠበቀው ወደ ሥሩ ጫፍ የሚወስደውን መንገድ መልሶ መክፈትና ማጠቢያው እዚያ ድረስ እንዲፈስ ማድረግ ነው። ፋይሉ መንገድ ጠራጊ ነው፤ ገዳዩ ፈሳሹ ነው።

ፈሳሹ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፤ በቤታችን በረኪና የምንለው ነገር ዋና ንጥረ ነገር። ከ0.5 በመቶ ጀምሮ ከ5 በመቶ እስከሚያልፍ መጠን ይሠራበታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሄንሪ ዴኪን የተባለው ኬሚስት ግማሽ በመቶ የሚሆነውን የወታደሮችን ቁስል ለማጠብ ተጠቅሞበታል። ባክቴሪያን ይገድላል፣ የሞተ ሥጋንም ያሟማል፤ ይህን ሁለተኛውን ችሎታ ሌሎቹ ማጠቢያዎች በዚህ ደረጃ አያገኙትም። ጉታ ፐርቻን ግን አያሟማም። በሥሩ ጫፍ አልፎ ወደ አጥንት ከተገፋ ደግሞ ወዲያው የሚነዝር ሕመምና እብጠት ያመጣል፤ ስለዚህ መርፌው በቦዩ ውስጥ ተቀርቅሮ ሳይጣበቅ፣ በዝግታ ይረጫል። ግድግዳው ላይ የተለቀለቀውን ስስ ንጣፍ ለማንሣት 17 በመቶ የሆነ ኢዲቲኤ የተባለ ፈሳሽ ይከተለዋል። ከዚያ ቀጭን የአልትራሳውንድ ሽቦ በፈሳሹ ውስጥ ግድግዳ ሳይነካ ይርገበገባል፤ ፈሳሹ እየተናጠ ፋይል ወዳልደረሰበት ስርቻ ይገባል። ብዙ የቀረ ሙሌት ተነቅሎ የሚወጣው በዚህ ጊዜ ነው። በችኮላ የሚዘለለውም፣ የሚያሳዝነው፣ ይኸው ደረጃ ነው።

መግል ወይም እርጥበት ካለ ቦዩ በአንድ ቀን ላይሞላ ይችላል። ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ፣ ፒኤች መጠኑ ወደ 12.5 የሚጠጋ (ማለትም ኃይለኛ አልካላይ የሆነ)፣ ባክቴሪያን የሚያዳክም ለጥፍ ይቀመጥበትና ለተወሰኑ ሳምንታት ይዘጋል።

የማይሠራበት ጊዜ

ሥሩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ከሆነ የትኛውም ማጽዳት አያድነውም፤ ስንጥቁ ራሱ የባክቴሪያ ጎዳና ነው። ከድድ በላይ የቀረው የጥርስ አካል ክራውን ለመሸከም የማይበቃ ከሆነም እንዲሁ። ችካሉን ማውጣት ሥሩን የሚሰብር መስሎ ከታየ ወይም ቦዩ ፈጽሞ ከታገደ፣ ከላይ መግባትን ትቶ ከታች መምጣት አለ፦ ድዱ ተከፍቶ የሥሩ የመጨረሻ 3 ሚሊሜትር ያህል ይቆረጣል፤ አብዛኞቹ የጎን ቅርንጫፎች ያሉት እዚያ ላይ ነውና። ከዚያም ጫፉ ከበስተኋላ ይደፈናል። ከሕክምናው በፊት የሦስት ገጽ ምስል የሚሰጥ ሲቲ ስካን ማስነሣት ያመለጠ ቦይ ወይም የተበላ አጥንት መኖሩን ስለሚያሳይ ውሳኔውን ሊለውጥ ይችላል።

ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገሩ «ታወጡታላችሁ?» ከሚለው ይልቅ «መጀመሪያ ለምን አልተሳካም ብለው ያስባሉ?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ መልስ ያወጣል። ምክንያቱ ካልታወቀ ዳግም ሕክምናው የመጀመሪያውን ስህተት በጥሩ መሣሪያ መድገም ይሆናል። ከምክንያቶቹም አንዱ ሥር ውስጥ ሳይሆን ከላይ ነው፦ የሚያሾልክ ወይም የወለቀ ሙሌት፣ ለወራት ሳይሠራ የቀረ ክራውን። አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በዚያ በኩል ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ሥሩ ከተሞላ በኋላ የላይኛው ሽፋን ሳይዘገይ መሠራት አለበት።

ሕመሙ በቀናት ውስጥ ሊጠፋ ይችላል፤ አጥንት ግን አይቸኩልም። ከአንድ ዓመት በኋላ የሚነሣው ራጅ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ይታያል። ጥላው ጠፍቶ ከሆነ ጥሩ ነው። አንሶ ግን ገና ካለ እስከ አራት ዓመት ድረስ በየጊዜው እየታየ ይጠበቃል። ከሰፋ ወይም እብጠቱ ከተመለሰ፣ ወሬው ወደዚያ ድድ ተከፍቶ ወደሚቆረጠው 3 ሚሊሜትር ይመለሳል።